በራስ ቅል ላይ የተከፈተው መስኮት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1705 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው) አሌክሲስ ሊትሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ ለንጉሣዊው የሳይንስ አካዳሚ አንድ እንግዳ ነገር አስታወቀ። በመንኰራኵር ላይ ተዘርግቶ አጥንቱ እየተሰበረ እንዲሞት የተፈረደበት አንድ ወጣት ወንጀለኛ፣ ያን የመሰለውን ሥቃይ ከመቀበል ይልቅ በገዛ ፈቃዱ መሞትን መርጦ፣ በእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ሮጦ ራሱን ከግድግዳው ጋር ቢያላትም እዚያው ወድቆ ነፍሱ ወጣች። ሊትሬ አስከሬኑን ከፍቶ ለዚህ ድንገተኛ ሞት ምክንያት የሚሆን ስብራት ወይም የፈሰሰ ደም ቢፈልግ፣ አንጎሉ የራስ ቅሉን እንደ ወትሮው አጥብቆ ሳይሞላ ጎደል ብሎ ከመገኘቱ በቀር አንዳች ቁስል አላገኘም።

ይህ ወሬ ከዚያ በኋላ ስለ አንጎል መናወጥ በተጻፉት ድርሳናት ሲወሳ ኖሯል፤ ሐኪሙን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀውን ነገር በአንድ ሰው ሞት አሳጥሮ የሚያሳይ ነውና። ከምት የተነሣ ኅሊናውን የሳተ ወይም እስከ ወዲያኛው ያሸለበ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ የፈለገ ሁሉ ሲጠባበቅ የኖረው አስከሬኑን ነበረ፤ አስከሬን ግን ስለ ፍጻሜው እንጂ፣ ምቱ ካረፈበት ቅጽበት አንሥቶ እስከ ፍጻሜው ድረስ ስለ ተደረገው ነገር ያለው ምስክርነት እጅግ ጥቂት ነው። ልብን በደረት ላይ ጆሮ ጥሎ፣ ሳንባን ትንፋሽ ቈጥሮ፣ ኵላሊትንም ሽንት አይቶ መመርመር ሲቻል፣ አንጎል ብቻ በአጥንት ግንብ ውስጥ ኅቡእ ሆኖ የሚኖር በመሆኑ፣ ሕያው ሳለ ሊያዩት የወደዱ ሊቃውንት ግንቡን ከመብሳት በቀር ሌላ መንገድ አላገኙም ነበር፤ የሰውን ቅል ለማየት ብቻ ሲሉ መብሳት ደግሞ የማይገባ ስለ ሆነ ዕጣው በእንስሳት ላይ ወደቀ። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ይህ መስኮት በማን ራስ ላይ፣ በምን ዓይነት ብርጭቆ፣ ምንስ ለማየት እንደ ተከፈተ ነው።

የተሰበረ ቅል ራሱ እንደ መስኮት ያገለገለበት ዘመን ሩቅ ነው። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1862 በሉክሶር ገዝቶት በስሙ የሚጠራው፣ ጄምስ ሄንሪ ብረስትድም ተርጕሞ በ1930 ያሳተመው የግብፃውያን የሕክምና ጥቅል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ በውስጡ ከሚገኙት 48 የሕሙማን ታሪኮች 27ቱ በራስ ላይ ስለ ደረሰ ጉዳት የሚናገሩ ናቸው። ስሙ የማይታወቀው የዚያ ጥቅል ጸሐፊ፣ ቅሉ ተከፍቶ አንጎሉ ገሃድ የወጣበትን አንድ ቁስለኛ ሲገልጽ፣ የአንጎሉን ገጽ በቀለጠ መዳብ ላይ ከሚታየው መጨማደድ ጋር፣ በጣቶቹ ሥር የሚሰማውንም ትርታ ገና ካልጸና የሕፃን ርግብግቢት ጋር አመሳስሎታል፤ ይህን የመሰለ ምስክርነት በወሬ የሚገኝ አይደለምና ያየው ሰው በዓይኑ አይቶ በእጁም ዳስሶ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ከብዙ ዘመን በኋላ በሮማውያን አገዛዝ የተነሣው የጴርጋሞኑ ጋሌኖስ፣ በወጣትነቱ በአደባባይ በሰይፍ ለሚገጥሙ ተፋላሚዎች ሐኪም ሆኖ ያገለገለው፣ የሕያዋን እንስሳትን ቅል ከፍቶ በአንጎላቸው ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች እየተጫነ፣ የትኛው ሲጫን እንስሳው ስሜቱንና እንቅስቃሴውን እንደሚያጣ መርምሯል። ሰመመን በማይታወቅበት ዘመን የተደረገውን ይህን ምርመራ ሳነብ ጥበቡን ከማድነቅ ጋር የእንስሶቹ ጩኸት ይሰማኛል፤ እነዚህ ሁለት ስሜቶች እስከ ታሪኩ መጨረሻ ተጣምረው እንደሚሄዱ ለአንባቢዬ አስቀድሜ እናገራለሁ።

መስኮቱን በብርጭቆ መዝጋት ለምን እንዳስፈለገ ለሙያው ባዕድ የሆነ ሰው በቶሎ አይገምተውም። አንጎል በቅሉ ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ፣ በተወሰነ ግፊት ተይዞ የሚኖር በመሆኑ፣ አጥንቱ ተነሥቶ ክፍት ሲቀር በቀዳዳው በኩል ወደ ውጭ ያብጣል፤ ገጹ በአየር ይደርቃል፤ የደም ሥሮቹም ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ በዚህም የተነሣ ተመልካቹ የሚያየው ራሱ ያደረሰውን ጉዳት ይሆናል። በ1850 ገደማ በሆላንድ በኡትሬክት ከተማ ያስተምር የነበረው ፍራንሲስኩስ ዶንደርስ በጥንቸል ቅል ላይ ቀዳዳ ከፍቶ በቀዳዳው ብርጭቆ የገጠመው ይህን ችግር ለማስወገድ ሲሆን፣ የእንስሳው ትንፋሽ ሲታገድ በአንጎሉ ገጽ ላይ ያሉት ደም ሥሮች መጠናቸው ሲለወጥ በብርጭቆው በኩል ለማየት ችሏል። በ1928 ደግሞ የሐርቫርዱ ሄንሪ ፎርብስ በድመቶች ላይ ተመሳሳይ መስኮት ከፍቶ የደም ሥሮቹን ስፋት በአጉሊ መነጽር መለካት ጀመረ። ሁለቱም ግን የደምን ዝውውር ሊያጠኑ የተነሡ እንጂ ምት ስለ ደረሰበት አንጎል የሚመራመሩ አልነበሩም።

መስኮቱን ከራስ ጉዳት ጋር ያገናኘው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ይልቁንም ሞተር ብስክሌት ነው ብል ከእውነት አልርቅም። በግንቦት ወር 1935 «የዐረቡ ሎረንስ» እየተባለ የሚጠራው እንግሊዛዊ መኰንን ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው አውስትራሊያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንዝ ነገሩን ከልቡ አልጣለውም። ጦርነቱ ተነሥቶ የሠራዊቱ መልእክተኞች መብራት በጠፋባቸው መንገዶች እየበረሩ በብዛት ማለቅ ሲጀምሩ፣ ኬርንዝ በኦክስፎርድ ሆኖ የሞታቸውን ምክንያት መዝግቦ በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ የራስ ቁር ማድረግ ሕይወት እንደሚያድን አስረዳ፤ የብሪታንያ ጦርም በዚያው ዓመት መልእክተኞቹ በሞተር ብስክሌት ሲሄዱ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ።

በዚያው ከተማ ኬርንዝን ይረዳ የነበረ ሆልበርን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ፣ ሐኪሞቹ ያላነሡትን ጥያቄ አነሣ፤ ራስ ሲመታ አንጎልን የሚጎዳው የምቱ ኃይል ነውን፣ ወይስ ምቱ ራስን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ? ይህንም ለመመርመር በአንጎል ቅርጽ ጀላቲን ሠርቶ፣ ጀላቲኑ በሚናወጥበት ጊዜ ውስጡ የት የት እንደሚወጠር ልዩ በሆነ ብርሃን አየ። በ1943 ላንሴት በተባለው መጽሔት ያወጣው ሐሳብ እንደሚለው፣ አንጎል እንደ ውኃ በቀላሉ የማይጨመቅ ነገር በመሆኑ ቀጥታ መገፋት ብዙ አይጎዳውም፤ ቅሉ ድንገት ሲዞር ግን አንጎሉ አብሮ ለመዞር ስለሚዘገይ ንብርብሩ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፤ ውስጡም ይቀደዳል። እርጎ የሞላበትን ቅል በእጁ ይዞ ድንገት ያዞረ ሰው እርጎው ወደ ኋላ እንደሚቀር ያውቃል፤ የሆልበርን ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዴኒ ብራውንና ሪቺ ራስል የተባሉት ሁለት ሐኪሞች በ1941 ባሳተሙት የእንስሳት ምርመራም፣ ራሱ ተጠፍንጎ የተያዘ እንስሳ ሲመታ ኅሊናውን እንዳልሳተ፣ ራሱ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ሲተው ግን በዚያው ምት እንደ ተዘረረ አሳይተው ነበር። ነገር ግን ጀላቲን ጀላቲን ነው፤ የተዘረረም እንስሳ ለምን እንደ ተዘረረ አይናገርም። አንጎል በቅል ውስጥ ሲንሸራተት በዓይኑ ያየ ሰው ገና አልነበረም።

ይህን ያሳዩት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤተስዳ በምትባል ከተማ በነበረው የባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ፑደንዝና ሃንተር ሼልደን ናቸው። በጊዜው ሉሳይት የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የጦር አውሮፕላን አብራሪ የሚቀመጥበትን ክፍል ለመሸፈን በብዛት ይሠራበት ነበር፤ በሙቀት ለስልሶ እንደተፈለገ ይቀረጻል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከሕያው ሥጋ ጋር ሲነካካም ብዙ አያስቆጣም። እነርሱም የጦጣን የራስ ቅል ጣሪያ ቀስ በቀስ አንሥተው፣ በተነሣው አጥንት ፈንታ በዚያው ጉልላት መሰል ቅርጽ የተሠራ ሉሳይት ገጠሙበት፤ ዙሪያውንም አየር እንዳይገባ፣ ፈሳሽም እንዳይወጣ አጥብቀው ዘጉት። ይህ ሥራ በ1944 ሲታተም ዓለም ያየው ነገር እንዲህ ነበር፤ በሕይወት ያለ፣ የሚተነፍስ እንስሳ፣ ከቅንድቡ በላይ ግን የአንጎሉ እጥፋቶች ሁሉ፣ በእጥፋቶቹ መካከል የሚወርዱት ደም ሥሮችም በየትርታው ከፍ ዝቅ ሲሉ የሚታዩበት። የዶንደርስ ብርጭቆ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ብትቈጠር፣ ይህ ጣሪያውን ሁሉ አንሥቶ ወደ ቤት እንደ መመልከት ያለ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1946 ያሳተሙት ሁለተኛው ክፍል ግን የዚህን መስኮት እውነተኛ ጥቅም ያሳየ ነው። መናወጥ የዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ጊዜ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ መስኮት ያለው ራስ ቢመታም ዓይን የሚያየው ነገር የለም፤ ስለዚህ ፑደንዝና ሼልደን እጅግ ፈጣን የሆነ የፊልም ካሜራ በመስኮቱ ፊት አቁመው ምቱን ቀረጹና ፊልሙን አዝግመው ተመለከቱት። በፊልሙም ላይ ቅሉ አስቀድሞ ሲሄድ፣ አንጎሉ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ከዚያም ተከትሎ ሲመጣ፣ ቅሉ ሲቆም ደግሞ እርሱ ገና ሳይቆም ሲያልፍ ታየ፤ እጥፋቶቹ በሉሳይቱ ሥር ይንሸራተቱ ነበር፤ መንሸራተቱም በላይኛውና በኋለኛው የአንጎል ክፍል ሲበዛ፣ በፊተኛው ክፍል ያነሰ ነበር። ራሱ ተጠፍንጎ ሲያዝ እንቅስቃሴው በእጅጉ ቀነሰ። ሆልበርን በጀላቲን የገመተው፣ ዴኒ ብራውንና ራስል በውጤቱ ብቻ ያወቁት ነገር በዚህ ፊልም ላይ በግልጽ ታየ፤ ከአንጎል ገጽ ተነሥተው ወደ ጽኑው ሽፋን የሚሻገሩት ደም መላሾች ራስ ሳይሰበር ለምን እንደሚበጠሱ ለሚጠይቅም ሐኪም መልሱ እዚያው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የማየው ሼልደን ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው። ባየው ፊልም ተደንቆ መድኃኒት ፍለጋ አልሄደም፤ ይህን የመሰለ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ የቀዶ ሐኪም እጅ የሚያደርገው ጥቂት መሆኑን ተረድቶ፣ በ1955 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ መኪና አሠራር ጻፈ። ተሳፋሪውን አጥብቆ የሚይዝ፣ ራሱ የሚጠቀለል ቀበቶ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መሪ፣ የማይደረመስ ጣሪያ፣ በግጭት ጊዜ የማይከፈት በር፣ ተሳፋሪው ሳያስብበት የሚከላከል መሣሪያም እንዲሠራ ጠየቀ። በወቅቱ የመኪና ፋብሪካዎች ሐሳቡን በደስታ አልተቀበሉትም። ሆኖም በ1966 የአሜሪካ ምክር ቤት የመኪና ደኅንነት ሕግ አወጣ፤ ከ1968 ጀምሮም በአዲስ መኪና ሁሉ ቀበቶ እንዲኖር ግዴታ ሆነ። ፑደንዝ በበኩሉ በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ለሚያስጨንቃቸው ሕፃናት፣ ውኃውን የሚያስወጣ በስሙ የሚጠራ ቧንቧ ከነመዝጊያው ሠርቶ ስሙን አተረፈ።

ከዚያ ወዲያ የምርመራው አቅጣጫ ከገጽ ወደ ውስጥ ሄደ። በ1956 ሳቢና ስትሪክ የተባለች የኦክስፎርድ ሐኪም፣ ከራስ ጉዳት በኋላ ለወራት ወደ ኅሊናቸው ሳይመለሱ ቆይተው የሞቱትን ሰዎች አንጎል በአጉሊ መነጽር መርምራ፣ ከውጭ ሲታይ ብዙም የማይለወጠው አንጎል በውስጡ ነጩ ክፍል፣ ማለት የነርቭ ክሮች በሚያልፉበት ስፍራ፣ በስፋት እንደ ተበጣጠሰ አሳየች። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪዎች ደግሞ በ1982 ባሳተሙት ሥራ 45 ጦጣዎችን ራሳቸውን ምንም ነገር ሳይመታው በድንገት በማዞር ብቻ ኅሊናቸውን እንዳሳቷቸው፣ ራስ ወደ ጎን ሲዞርም ኅሊና የመሳቱ ጊዜ ረጅሙ፣ ጉዳቱም ከፍተኛው እንደ ሆነ አመለከቱ፤ የሆልበርን ሐሳብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘም።

ነገር ግን ይህ ቤተ ሙከራ የሚታወሰው ከሁሉ ይልቅ በሌላ ፊልም ነው። በግንቦት 28 ቀን 1984 ለእንስሳት ነጻነት እንታገላለን የሚሉ ሰዎች በፊላደልፍያ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራ ሰብረው ገብተው፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የቀረጿቸውን ከ60 ሰዓት በላይ የሚሆኑ የቪዲዮ ክሮች ይዘው ወጡ። ከነዚህ ተቀነጫጭቦ በተሠራው አጭር ፊልም ላይ ሠራተኞቹ ራሳቸው በተጎዳ ዝንጀሮዎች ፊት ሲቀልዱ፣ የሰመመኑም አሰጣጥ በቂ ሳይሆን ታየ። ክርክሩ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሐምሌ 1985 ተቃዋሚዎች በቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋማት መሥሪያ ቤት ለቀናት ተቀምጠው ካመፁ በኋላ፣ የጤና ሚኒስትሯ ማርጋሬት ሄክለር ለዚያ ሥራ የሚሰጠውን ገንዘብ አገደች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በወጣው ሕግ መሠረት በእንስሳት ላይ የሚመራመር ተቋም ሁሉ ምርመራውን አስቀድሞ የሚፈቅድ ኮሚቴ እንዲኖረው፣ ሥቃይንም በተቻለ መጠን እንዲቀንስ ታዘዘ። ሰብሮ መግባት ስርቆት ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ለራሳቸው ማስታወሻ ብለው በቀረጹት ሥዕል የተከሰሱ ሰዎች በሐሰት ተወነጀልን ሊሉ አይችሉም ነበር፤ በፑደንዝና በሼልደን ዘመን እንዲህ ያለ ክርክር አለመነሣቱም የእነርሱ ጦጣዎች ሕመም ያነሰ ስለ ነበረ ነው ብዬ አላምንም።

ምርመራው ከዚህ በኋላ ወደ ትንንሽ እንስሳት አዘነበለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ለምርምር የሚራቡት ተራ አይጦች ከላይ የጠቀስሁት ሕግ ከሚጠብቃቸው እንስሳት ቁጥር ውስጥ የሉም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ቤተ ሙከራ በሌላ ደንብ የሚቈጣጠራቸው ቢሆንም፣ ሕጉ ራሱ አልቈጠራቸውም።

በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ የሕክምና ኮሌጅ፣ ሄርመስ ኮንቶስና ጓደኞቹ የድሮውን የፎርብስን መስኮት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሻሽለው በድመቶች ላይ እየተጠቀሙበት ነበር። ድመቷ በሰመመን ላይ ሳለች፣ በቅሏ ላይ በሌላ ስፍራ በተከፈተ ቀዳዳ የውኃ ግፊት በድንገት ወደ አንጎሏ ይላካል፤ በመስኮቱ በኩልም ትንንሾቹ የደም ቧንቧዎች ለግፊቱ የሚሰጡት መልስ ይለካል። ቧንቧዎቹ ከግፊቱ በኋላ ሰፍተው ይቀራሉ፤ በደም ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ሲቀንስ መጥበብ ይገባቸው የነበሩት አይጠቡም። ይህን የሚያመጣው ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ይህን የሚያጠፋውም ኤንዛይም በመስኮቱ ሥር ሲፈስስ ቧንቧዎቹ እንደሚተርፉ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተከታታይ አሳዩ። ነገሩ ግልጽ፣ ምክንያቱም የታወቀ፣ መድኃኒቱም በእጅ ያለ ስለ መሰለ ኤንዛይሙ በደም ውስጥ እንዲቆይ ተደርጎ ተዘጋጅቶ ከባድ የራስ ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ተሰጠ፤ በ1996 የታተመው ትልቁ ፈተና ግን መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ሊታመን የሚችል ልዩነት አላሳየም። በድመቷ መስኮት የታየው ውሸት አልነበረም፤ የታየው ግን አንድ ስፍራ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ጉዳት ነበር፤ በድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ደግሞ ከመኪና ወይም ከፎቅ የወደቀ፣ ደሙ የፈሰሰ፣ ሳንባው የተወጋ፣ መድኃኒቱም ከሰዓታት በኋላ የሚደርስለት ነው።

ያለ መስኮት ከአጥንት በስተጀርባ ማየት የሚያስችሉ መሣሪያዎች ሲመጡ ሙያው ሌላ ገጽ ያዘ። የዚህን ለውጥ ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ የነበረውን አሠራር ማወቅ ይገባል። ሉዊስ ሶኮሎፍ በ1977 ባሳተመው ዘዴ መሠረት፣ ስኳር በሚመስል ነገር ላይ ጨረር አመንጪ ካርቦን ተለጥፎ ለእንስሳው ይሰጣል፤ ከሦስት ሩብ ሰዓት ያህል በኋላ እንስሳው ይገደላል፤ አንጎሉ በበረዶ ደርቆ በስስ በስሱ ይቈረጣል፤ እያንዳንዱ ስስ ቁራጭ በራጅ ፊልም ላይ ተጋድሞ ይቆያል፤ ስኳር የተቃጠለበት ስፍራም በፊልሙ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሆቭዳና ጓደኞቹ በ1991 በዚህ ዘዴ፣ የተመታ አንጎል በመጀመሪያው ሰዓት ስኳርን ከወትሮው በላይ እንደሚያቃጥል፣ ከዚያም ለቀናት ቀዝቅዞ ወደ አሥረኛው ቀን ገደማ እንደሚመለስ አሳዩ። ውጤቱ ከባድ ነው፤ ከራሱ ጉዳት ገና ያላገገመ ስፖርተኛ ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም የሚለው ምክር አንዱ መሠረቱ ይህ ነው። ነገር ግን አንዱ አይጥ ሁለት ጊዜ ሊታይ አይችልም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱም ቀን ሌሎች አይጦች መገደል ነበረባቸው፤ ተመራማሪው የሚያነበው ታሪክም የአንድ አንጎል ሳይሆን ከብዙ አንጎሎች የተለቀመ ትረካ ነበር።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ቼሪና ጓደኞቹ በ1997 ለትንንሽ እንስሳት የሚሆን፣ ወደ ሰውነት የገባውን ጨረር አመንጪ ነገር ከውጭ ሆኖ የሚያነሣ የፔት ካሜራ ሠሩ። ለሰው የተሠራው ካሜራ የአይጥን አንጎል ያህል ትንሽ ነገር ሲያነሣ የሚያወጣው ጭጋግ ብቻ ነው፤ አዲሱ ግን ሁለት ሚሊሜትር ያህል የሚሆነውን ልዩነት መለየት ቻለ። በ2000 የሆቭዳ ቡድን ተመሳሳዩን ጥያቄ በዚህ ካሜራ ሲጠይቅ፣ አይጧ በሰመመን ተኝታ ትነሣለች፤ ወደ ሳጥኗ ትመለሳለች፤ ከቀናት በኋላም ያችው አይጥ እንደ ገና ትነሣለች፤ የመጀመሪያው ሥዕሏ ለኋለኛው ሥዕሏ መለኪያ ይሆናል።

የማግኔት ሥዕል በበኩሉ በስትሪክ መነጽር የታየውን የክሮች መበጣጠስ በሕያው አንጎል ማሳየት እስኪችል ብዙ ዘግይቷል። ተራው የማግኔት ሥዕል (ኤምአርአይ) የፈሰሰ ደምንና እብጠትን እንጂ የተበጠሱ ክሮችን አያሳይም። በ1994 ፒተር ባሰርና ጓደኞቹ በአንጎል ውስጥ ያለው ውኃ በክሮቹ አቅጣጫ ሲሮጥ፣ ክሮቹን አቋርጦ ግን እንደሚታገድ በመለካት የክሮቹን አቅጣጫ ለማወቅ የሚያስችል ሒሳብ አወጡ። በፊላደልፍያ ከዝንጀሮዎቹ በኋላ በትንንሽ አሳማዎች ላይ የራስ ማዞሩ ምርመራ ተቀጥሎ ነበርና፣ በ1998 ከማግኔት በሚገኝ የኬሚካል ምርመራ በአሳማዎቹ አንጎል ላይ ለውጥ ታየ፤ አሳማው የተመረጠበትም ምክንያት የሆልበርን ሕግ ነው፤ አንጎል እያነሰ ሲሄድ እኩል ጉዳት ለማድረስ የሚያስፈልገው የመዞር ፍጥነት እጅግ እየበዛ ስለሚሄድ፣ የአይጥን ራስ ለዚያ በሚበቃ ፍጥነት ማዞር አስቸጋሪ ነው። በ2007 ደግሞ በሴንት ሉዊስ የሚገኙ ተመራማሪዎች የተጎዱ አይጦችን በባሰር ዘዴ አንሥተው፣ ተራው ሥዕል ያላሳየውን የክር ጉዳት ካዩ በኋላ አንጎላቸውን በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩ ሥዕሉ እውነት መናገሩን አረጋገጡ።

በመጨረሻም መስኮቱ ራሱ ተመለሰ፤ ቦታውም ያው ቤተስዳ ነው። የባሕር ኃይሉ የሕክምና ምርምር ተቋም ከነበረበት ግቢ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው በብሔራዊ የጤና ተቋማት ግቢ፣ ቴዎዶር ሮትና ዶሪያን ማክጋቨርን በ2014 ያሳተሙት ሥራ ቅሉን ጨርሶ ከማንሣት ይልቅ ማሳሳትን የመረጠ ነው። የአይጧ ቅል የአንድ ሚሊሜትር ሠላሳኛ እጅ ያህል እስኪሆን ድረስ በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ሳይበሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከዚያም ስሱ አጥንት ቀስ ብሎ ይጫናል፤ ቀላል ጉዳትም ይደርሳል። የሚታይበት መነጽር በ1990 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው፣ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች በአንድነት ሲያርፉ ብቻ ሕዋስን የሚያበራ የሌዘር ማይክሮስኮፕ ነው። ስፔናዊው ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ማይክሮግሊያ ብሎ የሰየማቸው የአንጎል ዘበኞች፣ በ2005 በዚሁ ማይክሮስኮፕ በሕያው አይጥ ሲታዩ፣ ዕረፍት ላይ ናቸው ሲባሉ የኖሩት ክንዶቻቸውን ያለ ማቋረጥ እየዘረጉ አካባቢያቸውን ሲዳስሱ ተገኝተው ነበር። በሮትና በማክጋቨርን መስኮት ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ከደቂቃዎች በኋላ እነዚህ ሕዋሳት ቅርጻቸውን ለውጠው ክንዶቻቸውን በተጎዳው ሽፋን ሥር እርስ በርስ አያይዘው ሲከትሙ፣ የአንጎሉ ሽፋን ደም ሥሮችም ሲያፈስሱ ታየ። ተመራማሪዎቹ ግሉታታዮን የተባለውን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን መድኃኒት በስሱ አጥንት ላይ ሲያፈስሱ መድኃኒቱ አጥንቱን ዘልቆ ገባ፤ ጉዳቱ በደረሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲሰጥ የሕዋሳቱን ሞት በ67 በመቶ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ደግሞ በ51 በመቶ ቀነሰ።

የሪችመንድን ታሪክ ያስታወሰ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ቶሎ አይፈነድቅም፤ የሰው ቅል ብዙ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ በአይጧ ላይ የተሠራው መድኃኒትም በሆስፒታል የሚሰጥ አልሆነም። የሥራው ሌላ ክፍል ግን ወደ ሰው ተሻግሯል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ራሳቸውን ተመትተው በሲቲ ስካን አንዳች ነገር ያልተገኘባቸው 142 ሕሙማን፣ ወደ ደም በሚሰጥ ማቅለሚያ እየታገዙ በኤምአርአይ ሲመረመሩ፣ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ማቅለሚያው በአንጎል ሽፋን ውስጥ ከደም ሥር አምልጦ ሲፈስስ ታይቷል።